መጥረጊያው ያረፈበት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ14 ወር ሴት ልጅ አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ነው የምወጣው። ባለቤቴም ቅዳሜን መኪና ላይ ነው የሚውለው። ልጆቹን የምታይልን የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። 20 ዓመቷ ነው። ከአገር ቤት ከመጣች 8 ወሯ ሲሆን እኛው ጋ ነው የምትኖረው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ስገባ ልጄን እህቱን ታቅፎ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ሕፃኗ በዳይፐር ብቻ፣ ባዶ እግሯን ሆና ታለቅሳለች። ምን ሆነህ ነው ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ጮኽኩበት። ጆሮውን ጠምዝዤ ወደ ቤት አስገባሁት። ታብሌቱንም ለሳምንት ቀማሁት። የባለቤቴ እህት ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ከመኝታ ቤት ወጣች። አየችን፣ ግን ምንም አላለችም። እውነቱን የሰማሁት ማታ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ኖሯል። ሕፃኗ ኮሪደሩን እየዳኸች ደረጃው አፋፍ ስትደርስ ልጄ ነው ሮጦ የያዛት።

ባለፈው እሁድ ከልጄ ጋር ቶምና ጄሪ እያየን ነበር። አንዲት ሞግዚት ስልኳ ላይ ተጥዳ ሕፃኑ የሚያመልጥበት አለ። ቶም ሕፃኑን ሲያመጣላት በመጥረጊያ ትለዋለች። እኔ ስስቅ ልጄ ዞር ብሎ አየኝና «እማዬ፣ እኔ እኮ ቶም ነኝ» አለኝ። ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አሁን እህትህን ያዛት ስለው «እኔ አልነካትም» ነው መልሱ።

ባለቤቴ «እህቴ ናት፣ በነፃ ነው የምታይልን፣ ነገር አታክብጂ» ይለኛል። ልጅቷን ብናገራት አማቴ ጆሮ ይደርሳል። ዝም ብል ልጄ ትወድቅብኛለች። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ካርቱኑን ፈልጌ ማየት ነው። «ሥራ ነው» ብዬ ራሴን አሳምኜ ሁለቴ አየሁት። ድሮ አይቼው የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያኔ ያየሁት ድመቱ ሲደበደብ ብቻ ነው።

ያቺ ሞግዚት ጂኒ ትባላለች። ሁለት ካርቱን ላይ አለች፤ አንዱ በፈረንጆች 1956 የወጣው «ቢዚ በዲስ»፣ ሌላው የ1958ቱ «ቶት ዋቸርስ» ነው። ልጅሽ ያሰበው ሁለተኛውን ይመስለኛል። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ከ1940 ጀምረው ኤምጂኤም በተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ ከሠሯቸው 114 ቶምና ጄሪዎች የመጨረሻው እሱ ነው። ለሕዝብ ሲቀርብ የካርቱን ክፍሉ በሩን ከዘጋ ቆይቶ ነበር። ሰባት ኦስካር ያመጣ ድመትና አይጥ ሲሰናበተን አይባረርም። ይታረቃል። የሚታረቀውም ወዶ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ልጅ የሚያይ ሰው ስለጠፋ ነው።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ላቆምሽ ስለምፈልግ ልድገመው። እናት ሕፃኑን ለጂኒ ሰጥታ ትወጣለች። ጂኒ ወዲያው ስልክ ታነሳለች። ሕፃኑ ከጋሪው ወርዶ መዳህ ይጀምራል። ቶምና ጄሪ ፀባቸውን ትተው ይመልሱታል። ጂኒ ግን ዞር ስትል የምታየው ሕፃን የያዘ ድመት ነው። ሕፃኑ ደግሞ የውሻ ቤት ይገባል። ቶም እጁን ሰዶ ሲጎትት የሚወጣለት ውሻው ስፓይክ ነው። ያን ሁሉ ቀምሶ ሕፃኑን ራሷ እጅ ላይ ሊያስረክብ ሲሄድ መጥረጊያው አናቱ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ቶም ያኮርፋል። ሕፃኑ እንደገና ከጋሪው ሲወርድ ቁጭ ብሎ ያየዋል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ጋ ነው ቁሚ የምልሽ። ይሄ «እኔ አልነካትም» ነው። ልጅሽ ቀልድ አልነገረሽም። ፊልሙን ካንቺ በተሻለ አይቶታል።

እንዲህ ባሉ ካርቱኖች አንድ ሕግ አለ። ሕፃኑ አይጎዳም። ቶም ካኮረፈ በኋላ ሕፃኑ ወደ መንገድ ወጥቶ ባለ 100 ፎቅ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ይገባል። እዚያም ከብረት ብረት እየዳኸ ይሄዳል፣ ምንም አይሆንም። ጄሪ በሽንት ጨርቁ ይይዘዋል። ጨርቁ ይፈታል። ቶም ይቀልበዋል። በግርግሩ ጨርቁ ቶም ላይ ይታሰራል። ሲሚንቶ ማቡኪያው ውስጥ ገባ ብለው ሁለቱም ዘለው ይገባሉ። ሕፃኑ ለካ ውጭ ቁጭ ብሎ በመዶሻ ይጫወታል። ዱላውም፣ ንክሻውም፣ ሲሚንቶውም የድመቱና የአይጡ ነው። ቶም ደግሞ እንደ ቂጣ ቢጠፈጠፍ እንኳ ቀጥሎ ስታይው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለዚህ ነው እየሳቅን የምናየው።

እናንተ ደረጃ ላይ ይህ ሕግ አይሠራም። ሕፃኗ ብትወድቅ ትሰበራለች። የተመታውም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ።

ስለዚህ የባለቤትሽን እህት ትንሽ እናቆያትና ስለ ልጁ እናውራ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለሷ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው።

እኛ አገር ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ይቅርታውን በምግብ ይልከዋል። የሚወደውን ወጥ ይሠራለታል፤ ከራሱ ትሪ ላይ ሥጋውን ወደሱ ገፋ ያደርግለታል፤ ጫማ ይገዛለታል። ልጁም ነገሩ ገብቶት ይበላል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው፣ ክፉ ነገር ነው አልልም። አንቺም ታብሌቱን ቀኑ ሳይሞላ መልሰሽለታል ብዬ እገምታለሁ። ግን ልጅሽ እዚያ አገር ነው የሚያድገው። የተገፋለት ሥጋ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ሳልጠየቅ ተቀጣሁ ብሎ ያሰበውን ልጅ ሳትጠይቂው ብታበይው ያው ነው። በአፍሽ ንገሪው።

አጭር ይሁን። «አባቴ፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ ሳልጠይቅህ ጆሮህን ያዝኩህ። አጥፍቻለሁ። አንተ ባትኖር እህትህ ትወድቅ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።» በቃ። ከዚህ በኋላ «ግን» የሚል ቃል ካመጣሽ ተበላሸ። «ግን አንተም ብትነግረኝ ኖሮ» ያልሽ ጊዜ መጥረጊያውን መልሰሽ አነሳሽ ማለት ነው። ደግሞ ጆሮ መጠምዘዙን «ደክሞኝ ነው፣ ተናድጄ ነው» ብለሽ አታሳንሺው። ቢያጠፋም ኖሮ ልክ አልነበረም።

ይህን ስትይው የባለቤትሽ እህት ብትሰማ ደግ ነው። ሲቀጣ አይታለች። ሲካስም ትይ። ለሷ የምትነግሪያት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ይሆናል፤ ገና አንድም ቃል ሳታወጪ።

እህቱን እንዲይዛት ለጊዜው አታስገድጂው። ሲቀርባት ራሱ ይቀርባታል። እንዲያውም አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኗን እያየ የነበረው ማነው? በደብዳቤሽ መሠረት ልጅቷ መኝታ ቤት ናት፤ በሩ መከፈቱን ያየውም፣ ሮጦ የያዘውም እሱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ልጅ ማንም ሳይሾመው ሞግዚት ሆኖ ከርሟል። የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ያለ ጠባቂ ጥሎ መሄድን ይከለክላል፤ ጠባቂውም እምነት የሚጣልበትና ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ሰው መሆን አለበት። ያንቺ ልጅ 11 ነው። ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል እያልኩሽ አይደለም። 20 ዓመት የሞላት ልጅ ቤት ውስጥ አለች። ግን ሥራውን የሚሠራው እሱ ከሆነ ሸክሙ ከዕድሜው በላይ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ታናሽ ወንድሜን «እይልኝ» ብላኝ ወደ ገበያ ወጣች። እኔ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ጀመርኩ። በጠመኔ የተሰመረው ሳጥን፣ የወረወርኩት የሸክላ ስባሪ፣ አንድ እግሬ አየር ላይ፣ ሁሉም ዛሬም ይታየኛል። ወንድሜ ግን አይታየኝም። እሱ ወደ ጎረቤት ከሰል ምድጃ እየዳኸ ነበር። የጎረቤት የቤት ሠራተኛ ሮጣ አነሳችው። እሱም ደንግጦ ጩኸቱን አቀለጠው። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ የምታየው ልጇ በሰው እጅ ላይ ሲያለቅስ ነው። ያቺን ልጅ የስድብ መዓት አወረደችባት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ አንድ እግሬን እንኳ ያወረድኩት አይመስለኝም። ምንም አላልኩም።

ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ስለማውቀው ነው የማወራሽ። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በካርቱኑ ጂኒ የምትማታው ሳታውቅ ነው፤ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነው። የባለቤትሽ እህት ግን አውቃለች። የወንድሟ ልጅ ጆሮው ሲጠመዘዝ አይታ ዝም አለች። አንቺን ይህ ሳያንገበግብሽ አይቀርም፣ ትክክልም ነሽ። እኔ ግን ልጠይቅሽ። ብትናገር ምን ይመጣብኝ ነበር ብላ አሰበች? 20 ዓመቷ ነው። የምትተኛው እናንተ ቤት ነው። የምትሄድበት ሌላ በር አታውቅም። ቤት ያላት ልጅ ቶሎ ትናዘዛለች፤ እንግዳ ግን ይፈራል።

ስልኩንም በዚሁ ዓይን እዪው። ሰዓት ቁጠሪልኝ። እናንተ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ 2 ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ልዩነት አገር ቤት ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ። እናቷ ቤት ናት፣ ራት ተበልቷል፣ እህት ወንድም ተሰብስቧል፣ ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞራል። እናንተ ልጆቹን የምትሰጧት ልክ እናቷ በምትገኝበት ሰዓት ላይ ነው። ታድያ አታንሺ ብትያት ታነሳለች። እኔም ብሆን አነሳለሁ። ስለዚህ «ስልክ አትያዢ» ከማለት ሌላ ሰዓት ስጫት። ስትገቢ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ሕፃኗን ስትቀበያት፣ ያ ሰዓት የሷ ይሁን። ገብታ በር ዘግታ እስከፈለገች ታውራ። አገር ቤት ቢመሽባቸውም ለሷ ሲሉ ይጠብቃሉ። እስከዚያ ስልኩ ኩሽና መደርደሪያ ላይ፣ ድምፁ ተከፍቶ ይቀመጥ። አንቺ ብትደውዪ እንድትሰማ፣ አደጋም ቢመጣ 911 እንድትደውልበት።

ሌላም ነገር አለ። «ልጁን እይልኝ» የምንለው ነገር እኛ ሠፈርና እናንተ ሕንፃ ውስጥ አንድ አይደለም። እኔ ሰኞ ማክሰኞ ስዘል ወንድሜን ያተረፈው ግቢው ነው። የሚዳህ ልጅ ከአንዱ ዓይን ቢወጣ ሌላው ዓይን ውስጥ ይገባል። እናት «አደራ» ብላ ስትወጣ ለአንድ ሰው ትንገር እንጂ አደራው የሠፈሩ ሁሉ ነበር። ይህቺ ልጅ ልጅ ማየትን የለመደችው እንደዚያ ሊሆን ይችላል። እናንተ ኮሪደር ላይ ግን በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ከሷ ዓይን የወጣች ሕፃን ደረጃ ነው የሚቀበላት።

ይገርምሻል፣ የጂኒም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖቹ ልጅ በልጅ ላይ ወለዱ፤ ብዙዎቹም ከከተማ ዳር ወደተሠሩ አዳዲስ ሠፈሮች ሄዱ። አያትና አክስት እሩቅ ቀሩ። ስለዚህ የጎረቤት ኮረዳ በሰዓት እየተከፈላት ልጅ ማየት የተለመደ ሥራ ሆነ። ወላጅ ምሽቱን ወጣ ሲል ሆዱ ውስጥ የነበረውን ስጋት ነው ካርቱኑ ወደ ሳቅ የቀየረው። አያቷን ጥላ የመጣች ቤተሰብ ታሪኩን የምታውቀው ትመስላለች፣ አይደል?

እንግዲህ ምን ይደረግ። ካርቱኑ ላይ እናትየው አደራ ብላ ትወጣለች፣ ርክክብ የሚባል የለም። አንቺም ከጠዋቱ ስትወጪ እንደዚያው ትመስይኛለሽ፤ ግማሽ ጫማ አድርገሽ፣ ቁልፍ እየፈለግሽ፣ «አደራ እሺ» ብለሽ። አደራ ትልቅ ቃል ነው፣ ግን ምኑም አይታወቅም። ሕፃኗ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ አይናገርም። በሩ እስካልተገፋ ድረስ እንደማይዘጋ አይናገርም። አንድ ቅዳሜ ቀርተሽ ወይም አንድ እሁድ መርጠሽ ከሷ ጋር ቤቱን ዙሩት። ቆመሽ አይደለም። ተንበርከኪ። አብራችሁ በሕፃኗ ቁመት፣ በጉልበታችሁ ሂዱ። ትስቃላችሁ፣ መሳቃችሁም ጥሩ ነው።

ከዚያ ቁመት የሚታየው ሌላ ቤት ነው። ረከቦቱ እጇ ሥር ነው። የጀበናው ማሞቂያ ገመድ ተንጠልጥሏል። ቁርስ የተባለው ቆሎና ፈንዲሻ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። ይሄን ሰው አያስበውም፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ቆሎ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው። የወይን ፍሬም ከሆነ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ሪሞት ውስጥና መጫወቻ ውስጥ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከሁሉም ይብሳል፤ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ስለሚችል እስኪ እንየው አይባልም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ገንዳ ውስጥ የቀረ የጣት ቁመት የማይሞላ ውኃም ሕፃን ያሰጥማል፤ የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮኽም። መድኃኒት ወይም ሳሙና ቀመሰች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ትጠይቃለች። መተንፈስ ካቃታት ወይም ራሷን ከሳተች ግን በቀጥታ 911። ቁጥሮቹን ፍሪጅ ላይ በአማርኛ ጽፈሽ ለጥፊ።

በሩን ደግሞ ለሰው ትዝታ አትተዪው። ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ አላርም በርካሽ ይገኛል፤ የምታጣብቂው እንጂ ግድግዳ የሚበሳ አይደለም። ያን ቀን ይህ ነገር ቢኖር ልጅሽ መሮጥ ባላስፈለገው ነበር።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከየት ታውቀዋለች? ማንም አላስተማራትም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ልጅ የሚጠብቁ ሰዎችን ያሠለጥናል፣ በኦንላይንም አለ፤ የሕፃናት የመጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር (ልቡ ወይም ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚደረግ እርዳታ) ኮርስም ይሰጣል። ክፈሉላትና ትውሰድ። «ስላልቻልሽ ነው» ተብሎ ሳይሆን «ወረቀቱ ለሥራም ይሆንሻል» ተብሎ። እውነትም ይሆናታል።

አሁን ባለቤትሽ። «በነፃ ነው የምታይልን» ያለው እንደ ውለታ ነው። እኔ ግን ችግሩን ራሱ የነገረሽ ይመስለኛል። በነፃ የሚሠራን ሰው ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? አንቺም ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተናገርሽው ለዚህ ነው። እሷም ብትሆን ሥራ ላይ ያለች አይመስላትም፤ ቤት የዋለች ነው የሚመስላት። ጂኒ እንኳ ይከፈላት ነበር። ለውጭ ሰው ብትሰጡ ስንት እንደምትከፍሉ ታውቁታላችሁ። ያን ያህል ባትችሉ የተቻላችሁን ቁረጡ። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ብላችሁ፣ ቅዳሜ ማታ በእጇ ስጧት። ገንዘቡን ከባለቤትሽ ኪስ ሳይሆን ካንቺ እጅ ትቀበል። እንዲያ ሲሆን ስትሳሳት መናገር ትችያለሽ፣ እሷም ሳትፈራ ትሰማሻለች።

አማትሽን ፈርተሻል። ወሬ መድረሱ ካልቀረ በማን አፍ እንደሚደርስ ምረጡ። ባለቤትሽ ራሱ ለእናቱ ይደውል። «እማዬ፣ እህቴ ልጆቹን ስላየችልን ደሞዝ ቆርጠንላታል፣ ኮርስም አስገባናት» ይበላት። ከዚህ በኋላ ልጅቷ «ተቆጡኝ» ብላ ብትደውል እናትየው የያዘችው ወሬ ሌላ ነው። ተንኮል ነው ብትዪኝ እቀበላለሁ። ግን ውሸት የለበትም።

ለልጅቷ ስትነግሪያት ብቻችሁን ሁኑ። ባለቤትሽ አብሮ ከተቀመጠ ፍርድ ቤት ይመስላል። ቡና አፍይ። እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን ልጄን ሳልጠይቅ በመቅጣቴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንቺንም አልጠየቅኩሽም። እስኪ ያን ቀን እንዴት ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው፤ ስኒሽን አንሺ። ካለቀሰች ታልቅስ። ስለ ቤቷ ካወራችሽ ስሚያት፣ ከስምንት ወር ወዲህ ማን ጠይቋት ያውቃል? በመጨረሻ ግን ለልጁ አንድ ነገር እንድትለው ጠይቂያት። «አንተ ስትቀጣ ዝም አልኩ» ማለት ትችላለች። እኔ ለዚያች ለጎረቤት ልጅ ሳልላት ሠፈር ቀየርን።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ስልኩ አሁንም ጆሮዋ ላይ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። በዚህ ላይ አላባብልሽም። ዝምድናው ይቀጥላል፣ ሥራው ግን ለሌላ ይሰጣል። ሁሉም ሰው ልጅ ማየት አይችልም፤ እኔ በዘጠኝ ዓመቴ እንደማልችል ታይቷል።

አንድ የረሳሁት ነገር። የካርቱኑን መጨረሻ አስታውሰሽዋል? ጂኒ ልጁ እንደጠፋ ለፖሊስ ስትናገር ቶምና ጄሪ ሕፃኑን ይዘው፣ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆነው፣ ድካም ጥሏቸው ይመጣሉ። ፖሊሱ ልጅ ሰራቂ ናቸው ብሎ ይይዛቸዋል። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ሕፃኑ ራሱ ዳኸ ቢባል አላምን ይላል። እነሱ በዚህ ሲጨቃጨቁ ሕፃኑ በመኪናው አጠገብ እየዳኸ ያልፋል።

ስለዚህ እሁድ ቡናውን ስታፈዪ፣ እሷ ስታለቅስ አንቺም ስታባብዪ፣ ሕፃኗን ለአባቷ ስጪያት። በሩንም ገፋ አድርጊው።